ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንትከል? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂያችን አዲስ ቤት ገብተዋል። ከቤቱ ፊት ትንሽ ቦታ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ወደ ታች ዝቅ እያለ የሚሄድ ሰፋ ያለ ጓሮ። አፈሩ ጥቁር ነው። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ሁለት አቮካዶ፣ አንድ ማንጎና ቡጋንቪላ አምጥተው ተከሉ። «እስከ ጥቅምት አምሮባቸው ነበር» ይላሉ። «በኅዳር ግን በአንድ ሌሊት ቅጠላቸው ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ አደረ። በሽታ ነው እንዴ? መድኃኒት አለው? ከፊት አበባ፣ በአጥሩ ዙሪያ ቁጥቋጦ፣ ከኋላ ልጆቹ የሚበሉት ፍራፍሬ እፈልጋለሁ። አማቴ ሸዋ ሮቢት ናቸው፤ እዚያ ማንጎው ያለምንም እንክብካቤ ያፈራል። የጎረቤት ባህር ዛፍም አጥሬ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከምን ልጀምር?»

በሽታ አይደለም። ውርጭ ነው። መድኃኒትም የለውም። በገንዘብዎ ፀረ ተባይ እንዳይገዙ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አይሞላም። በሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓት መንገድ፣ የ1,500 ሜትር ልዩነት! ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አማትዎ ጋ 30 ዲግሪ ሲሆን እርስዎ ጋ 20 አካባቢ ነው። ይሄ የቀኑ ነው። ማንጎውን የገደለው ግን የሌሊቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ደመና ሲጠፋና ነፋሱ ሲተኛ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ሊነጋ ሲል ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ይታያል። ለጋ አቮካዶ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ያለ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ማንጎ ደግሞ ከዚያም በፊት እጅ ይሰጣል። ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ ከተማ ውስጥ መተከሉን ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።

እንግዲህ ማንጎን ይርሱት። አቮካዶንም እንዲሁ። አማትዎ ጋ ማንጎና ፓፓያ ይብሉ። አቮካዶ ካማርዎት ደግሞ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ወይና ደጋ ይሻለዋል። ቡጋንቪላው ግን ሞቷል ብለው አይንቀሉት። ግንዱን ከታች በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካለ ነፍስ አለው፤ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ደረቁን ክፍል ቆርጠው ወደ ትልቅ ማሰሮ ወይም ወደ ቀለም ጣሳ ያዛውሩትና በረንዳው ጥግ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይኑር። ሜዳ ላይ ግን ዳግመኛ አያውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ያማረውን ይገዛና ቤቱ መጥቶ «የት ልትከለው?» ይላል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ግቢዎን ይወቁት፤ በተለይ ሁለት ነገር፦ ብርዱ የት እንደሚተኛና ውኃው የት እንደሚቆም። እነዚህን ሁለቱን ካወቁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ ያለቀ ነው።

ስለ ብርዱ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል። ሌሊት ቁልቁል እየወረደ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይከማቻል። አጥር ካገደው ደግሞ ከአጥሩ በላይኛው በኩል ይተኛል። ጓሮዎ ወደ ታች ዝቅ ይላል ብለዋል። እንግዲያው ከሁሉ ብርዳሙ ቦታ የጓሮው ግርጌ ነው። አቮካዶዎቹ የቆሙት እዚያ ከነበረ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ሙቀት የሚሻው ተክል ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ ይጠጋ። የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ቀን ፀሐይ ይጠጣና ሌሊት ይመልሰዋል። በተለይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ወርቅ ነው። ምሥራቅ የሚያየው ግን ይጠንቀቁት፤ ውርጭ የያዘው ቅጠል የጠዋት ፀሐይ ድንገት ሲያገኘው ጉዳቱ ይብሳል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት አራት አምስት ዝርግ ሳህን ውኃ በየጥጉ ያስቀምጡ። ሲነጋ በረዶ የያዘውንና ያልያዘውን ይዩ። ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ውኃው። ጥቁሩ አፈር፣ በተለምዶ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ ምግቡ ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ይቋጥርና ሥር አየር ያጣል። በጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ለጋ ሥር ይበጥሳል። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት። ከጠለቀ በኋላ ድጋሚ ይሙሉት። በማግስቱም ውኃው ከታች ካለ እዚያ ቦታ ላይ የፍሬ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ አይተከልም። ጉብታ ላይ ነው የሚተከለው። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጉብታ በላይኛው አፈር፣ በብስባሽና ካገኙ በቀይ አፈር ይሥሩ፤ ችግኙ እዚያ ላይ ይቁም። ከጉብታው ላይ ውኃውን ወደ ታች የሚወስድ ቦይ ያውጡ። ገበሬዎቻችን መረሬ ላይ ስንዴ ሲዘሩ እየቆለሉ የሚያጠነፍፉት ለዚሁ ነው።

ፍግ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከብቱ የጣለው ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የበግ በጠጥ ግን ሰሜን ሸዋ ላይ አይጠፋም። ትኩሱን አይጨምሩ፣ ሥር ያቃጥላል። ከጭድና ከቅጠል ጋር ከምረው፣ እያራሱና እያገላበጡ ሦስት አራት ወር ያብስሉት።

አሁን ፍራፍሬው። ለእርስዎ ግቢ ንጉሡ ፖም ነው። የሚገርመው፣ አቮካዶዎን የገደለው ብርድ ለፖም መድኃኒት ነው። ፖም ለመተኛት ብርድ ይፈልጋል። ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታት ካልተጠራቀሙለት እምቡጡ በደንብ አይፈነዳም። አንዳንዱ የፈረንጅ ዝርያ እስከ 1,000 ሰዓት ይጠይቃል፤ እኛ አገር እሱ አይሆንም። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ግን ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃቸዋል። ደብረ ብርሃን ያንን ትሰጣለች። ፖም አገራችን ላይ ሥር የሰደደው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን ካስገቡት በኋላ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። የጨንቻ ከፍታም ከእናንተ ብዙም አይርቅም።

አንድ ፖም ብቻ እንዳይተክሉ። ይሄን ደግሜ እላለሁ፤ አንድ ብቻ እንዳይተክሉ። ፖም በራሱ ብናኝ እምብዛም አይፀንስም። ሌላ ዝርያ አጠገቡ ሆኖ በአንድ ጊዜ ማበብ አለበት። አና እና ዶርሴት ጎልደን አብረው ያብባሉና እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ሁለት አና ጎን ለጎን መትከል ግን አንድ እንደ መትከል ነው። «ዛፌ ያብባል እንጂ አያፈራም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይሄው ነው። በመካከላቸው ሦስት አራት ሜትር ይተዉ። ንቡ ይሠራዋል።

ችግኝ ሲገዙ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ያለውን የድቀላ ቦታ፣ ሁለት ተክል የተጣበቀበትን፣ ይፈልጉ። ግንዱ ትንሽ ጎብጦ ወይም አብጦ ይታያል። እሱ ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው፤ ብዙ ዓመት ያስጠብቅና ምን እንደሚያፈራ አይታወቅም። ሻጩ የሥረ ግንዱን፣ ማለትም ከድቀላው በታች ሥር የሆነውን ተክል፣ ዓይነት ካወቀ ይጠይቁት። ኤምኤም 106 የሚባለው ዛፉን መጠነኛ አድርጎ ቶሎ ያፈራል፤ ነገር ግን ውኃ የሚቆምበት አፈር ላይ አንገቱ ይበሰብሳል። ኤምኤም 111 ግን እርጥበቱንም ድርቁንም የተሻለ ይችላል። ለመረሬዎ እኔ ብሆን 111ን እመርጣለሁ። ቢዘገይም ይቆያል። ያገኙት 106 ብቻ ከሆነም ይትከሉት፤ ጉብታውን ግን ከፍ ያድርጉ። የድቀላው ቦታ ከአፈሩ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቅር። ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የሥረ ግንዱ ጥቅም ይቀራል።

ሌላው የፖም ዐመል ይሄ ነው። እኛ አገር ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ቅጠሉን አራግፎ አይተኛም። ቅጠል ይዞ ያንቀላፋል። ስለዚህ ሰው ይረዳዋል። ዛፉ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጀምሮ በጥር መጨረሻ የቀረውን ቅጠል በእጅዎ ይልቀሙለት። እምቡጡን ግን እንዳይነኩ። ከዚያ ውኃ ያጠጡት። አበባው ከከባዱ ውርጭ በኋላ፣ በልግ ሲዳረስ ይመጣል። የመልቀሚያው ቀን ቀልድ አይደለም፤ የፈነዳ የፖም አበባ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ሲደርስ መሞት ይጀምራል። ቅርንጫፎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከሄዱ በገመድ ወደ ጎን ሳብ አድርገው ይሰሯቸው። የተጋደመ ቅርንጫፍ ቶሎ ያፈራል። የመጀመሪያውን ዓመት አበባ ይቀንጥሱት። ልጆቹ ያኮርፋሉ፤ ቢሆንም ይቀንጥሱት። ዛፉ ሥር እንዲሰድ ነው።

ከፖም ቀጥሎ ፕለም እላለሁ። ሜትሊ የሚባለው ዝርያ ብርድ ብዙ አይጠይቅም፤ ለብቻውም ያፈራል። ቦታ ለጠበበው ሰው እሱ ይሻላል። ኮክም ይሆናል፤ ብቻውን ያፈራል፣ ልጆችም ይወዱታል። ችግሩ ኮክ ችኩል ነው። ቀድሞ ያብባል፣ ውርጭም ያገኘዋል። ግድግዳ ሥር ቦታ ካለዎት ይስጡት፤ ከሌለዎት ይለፉት። አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው ወሽመላም ዛፉ ብርድ ይችላል፤ አበባውና እንቡጥ ፍሬው ግን አይችሉም። ለጥላ ከሆነ ይትከሉት፣ ፍሬ ቢሰጥ ምርቃት ነው። እንጆሪ ደግሞ ለልጆች ከሁሉ ፈጣኑ ነው። ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ከሥሩ ጭድ ጉዝጓዝ ተደርጎለት። አበባው መሃል ላይ ከጠቆረ ውርጭ መትቶታል ማለት ነው። ማታ ማታ ጆንያ ያልብሱት። ላስቲክ ግን ቅጠሉን አይንካ፤ የነካው ቦታ ይቃጠላል።

ወደ አጥሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ውጭ ውጭ ማየት አያስፈልግም። ደጋችን የራሱ አለው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ኮሽም ነው። እሾኻም ነው፣ ውሻም ሌባም አያሳልፍም፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ብርቱካናማ ፍሬው ኮምጣጣ ቢሆንም ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል። አንድ ምሥጢር ልንገርዎት፤ ኮሽም ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ናቸው። ሁለት ሦስት ብቻ ተክለው ፍሬ ያጡ ሰዎች አሉ። ለአጥር አሥር አሥራ አምስት ከተከሉ ግን ሁለቱም ይገኙበታል።

ሁለተኛው ቀጋ ነው። ሰው ቀጋን እንደ ዱር እሾህ ያየዋል እንጂ ጽጌረዳ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ነጭ አበባው ሽታው ያውዳል፤ ቀይ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። ብርዱን ከእኛ በላይ ለምዶታል። ኮሽምና ቀጋን እያፈራረቁ ቢተክሉ እኔ ከዚያ የሚያምር አጥር አላውቅም። ጌሾም አይርሱ፤ ከቤቱ አጠገብ ሁለት ሦስት እግር። ለጋ ሳለ ውርጭ ይነካዋልና የመጀመሪያውን በጋ ይሸፍኑት። ከዚያ በኋላ ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ከገበያ መገላገል ነው። ንብ ካለዎት ወይም በግ ካለዎት ትሪሉሰርን ይጨምሩ። ነጭ አበባው ለንቡ፣ ቅጠሉ ለበጉ።

የማልመክረው አለ፤ የወፍ ቆሎ። ቀለሙ ያምራል፣ ችግኝ ጣቢያም ይሸጡታል። ነገር ግን ፍሬውን ወፍ በልታ በየሜዳው ትበትነዋለች፣ የግጦሽ መሬት ይወራል፣ ከብትም ይመርዛል። ለጎረቤትዎ ሲሉ ይተዉት።

ከፊት ለፊት አበባ። ጽጌረዳ ደብረ ብርሃን ላይ ይመቸዋል። ቀለሙ ከሞቃት አገር ይልቅ ይደምቃል፣ አበባውም ይቆያል። ሁለት ነገር ብቻ ያስተውሉ። አንደኛ፣ ክረምት ላይ ቅጠሉ ጥቁር ነጥብ ያወጣል። እርስ በርሱ አያጣብቡት፣ ውኃ ከላይ አያፍስሱበት፣ የወደቀውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ። ሁለተኛው የመግረዣው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መስቀል ሲጠባ ግቢውን ሲያጸዳ ጽጌረዳውንም ይገርዛል። አዲስ የወጣው ለጋ ቀንበጥ በኅዳር ውርጭ ይነዳል። እስከ ጥር መጨረሻ ይታገሱ። ውርጭ ያጠቆረውን ጫፍ እንኳ ቶሎ አይቁረጡት፤ ደረቁ ክፍል ከሥሩ ያለውን ይጋርደዋል። ከድቀላው በታች የሚወጣ ቀንበጥ ካለ ግን በማንኛውም ጊዜ ይገንጥሉት፤ የሥረ ግንዱ ነው፣ ዋናውን ይውጠዋል።

በጽጌረዳው መካከል አሸንዳ ይትከሉ። ሸመትመቴ የሚሉትም አሉ። ያ ረጅም፣ ጫፉ ብርቱካናማና ቢጫ ሆኖ በየገደሉ አፋፍ የሚታየው ነው። የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። አንዴ ከያዘ ውኃ አይለምን፣ ብርድ አይፈራ። እግሩን ከነሥሩ ለሁለት ከፍለው ማባዛት ይቻላል። ቢጫ ከፈለጉ አሜጃ አለ፤ ቁጥቋጦ ነው፣ አበባው ዓይን ይስባል። ጠርዝ ጠርዙን ጦስኝ ይሁን። የመንዝና የጣርማበር ጦስኝ ለሻይ የታወቀ ነው፤ ግን ውኃ የሚቆምበት ቦታ አይወድም፣ ጠጠር የበዛበት ከፍ ያለ ጠርዝ ይስጡት። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደርም እንዲሁ። ጤና አዳምና አሪቲ የት ቢተክሏቸው አይከፉም። በሶብላ ግን ብርድ አይችልምና በጣሳ ሆኖ መስኮት ላይ ይቀመጥ። ጌራኒየምም ከበረንዳ አይውጣ።

እነዚህን ከዱር እየነቀሉ አያምጡ፤ ከጓሳም ይሁን ከሌላ ጥብቅ ቦታ። ዘር ወይም ቁራጭ ካላቸው ሰዎች ይለምኑ። የገጠር ዘመድ ካለ ደስ ብሎት ይሰጣል።

የጓሮው ግርጌ ቀረ፤ ብርዱም ውኃውም የሚተኛበት። እዚያ ላይ አይታገሉ። ካላ ሊሊ፣ ያ ነጭ ጡሩምባ የሚመስለው፣ እርጥብ ቦታ ይወዳል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለውም ከሥሩ መልሶ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን እንዳያኝኩት ይንገሯቸው፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። የቀረውን ሣር ያድርጉትና ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበት። ግቢ ሁሉ ተክል መሆን የለበትም።

ስለ ባህር ዛፉ። ከጎረቤት ጋር አይጣሉ፤ ዛፉ ገንዘባቸው ነው። ፖሞቹን ከእሱ የቻሉትን ያህል ያርቁ። ከዚያ በአጥሩ ውስጠኛ በኩል፣ ከኮሽሙ መስመር ቀደም ብሎ፣ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ቦይ ያስቆፍሩ። የመጣውን ሥር በመጥረቢያ ይቁረጡና ቦዩን መልሰው ይሙሉ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይድገሙት። ከግንዱ ሥር ድረስ ተጠግተው ግን አይቆፍሩ፤ ዛፉ መያዣ ካጣ በነፋስ ቤትዎ ላይ ይወድቃል። በጣም የቀረበ ካለ ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግረው ያስቆርጡት፤ ለማገዶም ለአጣናም ስለሚሸጥ ማስማማቱ አይከብድም።

ጥያቄዎ የደረሰኝ በግንቦት ነው፤ ጊዜው ደህና ነው። አሁን ጉብታዎቹን ይሥሩ፣ አፈሩ ይረፍ። የወረዳውን ግብርና ቢሮና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ለአካባቢው የሚሆን የፖም ዝርያ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ችግኙን ዝናቡ ሲጠና፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይትከሉ። ገንዘቡ ካልበቃ ዘንድሮ ሁለቱን ፖምና የአጥሩን ኮሽም ብቻ ይግዙ፤ አበባው ለከርሞ ይደርሳል። ከመስከረም በኋላ ግን ውኃ ማጠጫዎትን ያዘጋጁ። በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ፖም በሳምንት አንዴ ሁለት ባልዲ፣ ቀስ ተብሎ፣ ጠዋት ረፈድ ሲል። ሥሩ ዙሪያ ጭድ ጉዝጓዝ ያድርጉ፤ ግንዱን ግን አይንካው፣ አይጥ ጎጆ ይሠራበትና ቅርፊቱን ይልጠዋል። ኅዳር ሲገባ ጉዝጓዙን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት። ባዶና እርጥብ አፈር በቀን የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ለዛፉ ይሰጠዋል። ጥር ሲያልቅ መልሰው ያልብሱት።